የበጎ ፈቃድ ሥራ በቡና ከተሞች፤ ዕቅዱ፣ ጊዜውና ሒሳቡ

የነጋዴ ሀብት በመጋዘኑ ያለው ዕቃና በባንክ ያለው ገንዘብ ብቻ አይደለም። ዕቃው የሚያልፍበት መንገድ፣ ገዢው የሚቆምበት የገበያ ቦታ፣ ሠራተኛው የሚጠጣው ውሃና ልጁ የሚማርበት ትምህርት ቤት ሁሉ የንግዱ አካል ናቸው። ከጅማ ወደ አጋሮ በሚወስደው መንገድ ላይ የምትገኘው የማና ወረዳ ዋና ከተማ የቡ፣ እንዲሁም አጋሮ፣ ሊሙ ገነት፣ ሰቃና ሰርቦ ኑሯቸው ከቡና ጋር የተያያዘ ስለ ሆነ ይህ ነገር በእነርሱ ዘንድ ጎልቶ ይታያል። በእንዲህ ያለ ከተማ አንድ የጎርፍ ቦይ ቢደፈን የሚጎዳው በአጠገቡ ያለው ቤት ብቻ አይደለም፤ ቡና የጫነው መኪና በጭቃ ይያዛል፣ ባለ ሱቁ ገበያተኛ ያጣል፣ ላኪውም በቀጠሮው ቀን ጭነቱን ሳያደርስ ይቀራል።

የከተማ ማዘጋጃ ቤት ገንዘብ ውስን በመሆኑ ሁሉን ሥራ በአንድ ጊዜ ሊያደርስ አይችልም። ከዚህ የተነሣ ነዋሪው በጉልበቱ፣ ነጋዴው በገንዘቡና በዕቃው ከተማውን የሚያግዝበት የበጎ ፈቃድ ሥራ በየዓመቱ ይዘጋጃል፤ ክረምት በገባ ቁጥርም ወጣቶች አካፋና ችግኝ ይዘው ሲወጡ ይታያል። የነገሩን መልካምነት የሚጠራጠር የለም። ነገር ግን ብዙ ጊዜ ቦዩ ተቆፍሮ አፈሩ በዳሩ ተከምሮ ይቀርና በመጀመሪያው ከባድ ዝናብ ተመልሶ ይገባበታል፤ ችግኙ ይተከልና አጥር ስለሌለው ከብት ይበላዋል፤ ምንጩ ይጎለብትና ቧንቧው ሲሰበር የሚጠግነው ይጠፋል። በሚቀጥለው ዓመት ያው ነጋዴ ለዚያው ሥራ ዳግመኛ መዋጮ ይጠየቃል።

የዚህ ሁሉ መነሻ «ጉልበቱ በነጻ ስለ ተገኘ ዕቅድና ሒሳብ አያስፈልገውም» የሚል ሐሳብ ነው። ይህ ሐሳብ ስሕተት ነው። ደመወዝ የማይከፈልበት ጉልበት ዋጋ የሌለው ጉልበት አይደለም። እንዲያውም የሚሰጠው ሰው ከራሱ ሥራ ቀንሶ የሚያመጣው ስለ ሆነ፣ አንድ ጊዜ በከንቱ ከባከነ ሁለተኛ ሲጠሩት አይመጣም። ስለዚህ ነጋዴው ለአንድ ጭነት የሚያደርገውን ጥንቃቄ ለበጎ ፈቃድ ሥራም ሊያደርግለት ይገባል።

ከደቦ እስከ ዘመቻ

በኅብረት መሥራት ለአገሩ አዲስ ነገር አይደለም። ገበሬው ሥራ ሲበዛበት ደቦ ይጠራል፤ ወንፈልም ይገባል። ደቦ ጠሪው የሚበላውንና የሚጠጣውን ያሰናዳል፤ በወንፈል ግን ዛሬ የተቀበለውን የሥራ ቀን ነገ በሥራ ቀን ይመልሳል። በሁለቱም መንገድ ቢሆን የትኛው ማሳ እንደሚታረስ፣ ስንት ጥማድ በሬና ስንት ሰው እንደሚያስፈልግ፣ ምን ያህል እንጀራ እንደሚጋገር አስቀድሞ ይታወቃል። ዕቅዱ በወረቀት አይጻፍ እንጂ የተሟላ ነው። ከሁሉም በላይ ማሳው ባለቤት ስላለው፣ ሰው ከተበተነ በኋላ አዝመራውን የሚጠብቅ አይጠፋም። የከተማ ቦይ ወይም የገበያ አደባባይ ግን የሁሉም በመሆኑ የማንም እንዳልሆነ ይቆጠራል። በከተማ የሚደረገው የበጎ ፈቃድ ሥራ ብዙ ጊዜ የሚሰናከለው በዚህ ምክንያት ነው።

አገሪቱ በትልቅ መጠን የተደረጉ የአገልግሎት ሥራዎችንም አይታለች። በ1957 ዓ.ም. የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ከመመረቃቸው በፊት አንድ ዓመት በልዩ ልዩ ጠቅላይ ግዛቶች የሚያገለግሉበት የኢትዮጵያ የዩኒቨርሲቲ አገልግሎት ተጀመረ። በ1967 ዓ.ም. በዕድገት በኅብረት የዕውቀትና የሥራ ዘመቻ በአሥር ሺሕ የሚቆጠሩ ተማሪዎችና መምህራን ወደ ገጠር ተላኩ። በ1971 ዓ.ም. የተጀመረው የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ደግሞ በዓለም መድረክ ተሸላሚ ሆነ። እነዚህ በትእዛዝ የተደረጉ ስለ ነበሩ በጎ ፈቃድ ሊባሉ አይችሉም፤ ሆኖም ከመሠረተ ትምህርቱ የሚወሰድ ትምህርት አለ። ተማሪው ይመዘገብ፣ መጽሐፍ ይሰጠው፣ በመጨረሻም ይፈተን ስለ ነበር ሥራው የት እንደ ደረሰ በቁጥር ይታወቅ ነበር።

ቁጥር ግን ራሱ ምን እንደሚቆጥር ሊታወቅ ይገባል። ሐምሌ 22 ቀን 2011 ዓ.ም. በአረንጓዴ አሻራ ሥራ በአንድ ቀን ከ353 ሚሊዮን በላይ ችግኝ መተከሉን መንግሥት አስታውቋል። ይህ የተተከለው ቁጥር ነው። ነጋዴ ከጅማ የተጫነው ጆንያ ስንት እንደ ሆነ ብቻ ሰምቶ አይረካም፤ ትርፉንና ኪሳራውን የሚያውቀው በመድረሻው በተረከቡት ጆንያ ልክ ነው። በችግኝም እንዲሁ ዋናው ቁጥር አንድ በጋ አልፎ በሕይወት የተገኘው ነው።

ከውጭ አገር የሚጠቀስ ምሳሌ የሩዋንዳ ኡሙጋንዳ ነው። በዚያ አገር በየወሩ የመጨረሻ ቅዳሜ ጧት ነዋሪው ወጥቶ የጋራ ሥራ ይሠራል። ሥራው በሕግ የተደነገገ ግዴታ ስለ ሆነ በዚህ በኩል ለበጎ ፈቃድ አርአያ አይሆንም፤ ነገር ግን ቀኑ የታወቀ በመሆኑ ባለ ሱቁም ባለ መኪናውም ጉዳዩን አስቀድሞ ያመቻቻል። ከዚያ ሊወሰድ የሚገባው ግዴታው ሳይሆን የቀኑ መታወቅ ነው።

ሥራውን ስለ መምረጥ

ለበጎ ፈቃድ የሚመረጥ ሥራ ሦስት ጥያቄዎችን ሊያልፍ ይገባዋል። አንደኛ፣ ልዩ ሙያ የሌለው ሰው ሊሠራው ይችላልን? ሁለተኛ፣ ቦታው የማን እንደ ሆነ ታውቆ ፈቃድ ተገኝቷልን? ሦስተኛ፣ ከተፈጸመ በኋላ የሚረከበው ማን ነው? ከሦስቱ አንዱ መልስ ያጣ እንደ ሆነ ሥራው ለጊዜው ቢቆይ ይሻላል።

የጎርፍ ቦይ መጥረግ፣ የትምህርት ቤት አጥር ማጠር፣ ችግኝ መትከልና መንከባከብ፣ ለደካማ ተማሪዎች በክረምት ማስተማር፣ ምንጭ ለማጎልበት ድንጋይና አሸዋ ማቅረብ፣ የአቅመ ደካሞችን ቤት መጠገን በዚህ ሚዛን ሲታዩ ተስማሚ ናቸው። ድልድይ መሥራት ወይም የኤሌክትሪክ መስመር መዘርጋት ግን የመሐንዲስ ሥራ ስለ ሆነ በጎ ፈቃደኛው በዙሪያው ያለውን ቀላል ሥራ ብቻ ሊያግዝ ይችላል። በጅማ ከተማ መካከል የሚያልፈውን የአዌቱን ወንዝ ዳር ማጽዳት ለምሳሌ መልካም ሥራ ነው፤ ነገር ግን ከላይ ባሉት ሰፈሮች የቆሻሻ ማጠራቀሚያና የሚያነሣ መኪና ከሌለ የተጠረገው ዳር በጥቂት ጊዜ ውስጥ ወደ ቀድሞው ይመለሳል። ስለዚህ የመጀመሪያው ሥራ ማጠራቀሚያውን ማዘጋጀት፣ ሁለተኛው ማጽዳት ሊሆን ይገባል።

የትኛው ሥራ እንደሚቀድም ለማወቅ ነዋሪውን መጠየቅ አስፈላጊ ነው። በ1992 ዓ.ም. ከጅማ የእርሻ ኮሌጅና ከጅማ ጤና ሳይንስ ተቋም መዋሐድ የተመሠረተው የጅማ ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎቹን ወደ ማኅበረሰቡ እየላከ ችግሩን እንዲያጠኑ የሚያደርግበት የትምህርት ሥርዓት አለው። እንዲህ ያለው ተቋም በአጠገብ እያለ የጥናቱን ሥራ በግምት መሥራት አያስፈልግም። ማስታወቂያውና ስብሰባውም በአፋን ኦሮሞና በአማርኛ ቢደረግ ከገጠር የመጣው ገበያተኛም ከከተማው ነዋሪ እኩል ሊሰማው ይችላል።

ሥራውን ከቡናው ወራት ጋር ስለ ማስማማት

በቡና ከተማ የሰውን እጅ፣ የመኪናውንና የገንዘቡን ውሎ የሚወስነው ቡናው ነው። ከመስከረም መጨረሻ ጀምሮ እስከ ጥር ባለው የለቀማ ጊዜ ሰው ሁሉ በለቀማ፣ በመፈልፈያና በአውድማ ላይ ይሆናል፤ መኪናም አይገኝም። በዚህ ጊዜ የሚጠራ የበጎ ፈቃድ ሥራ ሰው ቢመጣለት እንኳ የሰውየውን የዓመት ገቢ ይነካበታል። ስለዚህ እነዚህ ወራት ሒሳብ የሚዘጋባቸው፣ የሚመጣው ዓመት ሥራም የሚታሰብባቸው ቢሆኑ ይበቃል።

የካቲትና መጋቢት ለግንባታ ሥራ የተሻሉ ናቸው። ለቀማው አልቋል፤ በእጅ ጥቂት ገንዘብ አለ፤ መንገዱም ደርቋል። ምንጭ ማጎልበት በተለይ በዚህ ጊዜ ቢደረግ ይመረጣል፤ በክረምት ሁሉም ምንጭ ብዙ ውሃ ያለው ይመስላልና። በበጋ መጨረሻ የሚፈሰው መጠን ከተለካ ግን ምንጩ ስንት ቤተሰብ ሊያጠጣ እንደሚችል በእርግጥ ይታወቃል።

ሚያዝያና ግንቦት ቦይ የሚጠረግባቸውና የችግኝ ጉድጓድ የሚዘጋጅባቸው ወራት ናቸው። ከሰኔ እስከ ነሐሴ ተማሪዎች ዕረፍት ላይ ስለሚሆኑ ችግኝ መትከልና ማስተማር ይመቻል። ይሁን እንጂ ሁሉን ሥራ በክረምት የመሰብሰብ ልማድ ሊታረም ይገባዋል። ለምሳሌ የአቅመ ደካሞች ቤት ጥገና ብዙ ጊዜ ከክረምቱ አገልግሎት ጋር ይደረጋል፤ በጅማ አካባቢ ክረምት ግን የተመረገ ጭቃ ቶሎ አይደርቅም፣ ጣሪያውም በተከፈተበት ዝናብ ሊመጣ ይችላል። ይኸው ጥገና በመጋቢት ቢደረግ ቤቱ ክረምቱን ደርቆ ይጠብቀዋል።

የሳምንቱም ቀን ሊታሰብበት ይገባል። የየከተማው የገበያ ቀን፣ የዓርብ ስግደትና የእሑድ ቅዳሴ እንዲሁም የጾም ወራት ታስበው አንድ የታወቀ ጧት ቢወሰንና በየወሩ ባይለወጥ፣ ሰው ሳይጠራ መምጣትን ይለምዳል።

ሰውንና መሣሪያን ስለ ማመጣጠን

በበጎ ፈቃድ ሥራ ላይ ብዙ ሰው መምጣቱ እንደ ትልቅ ስኬት ይቆጠራል። ነገር ግን የሥራውን መጠን የሚወስነው የሰው ብዛት ብቻ አይደለም። ለምሳሌ ያህል በገበያ ዳር 200 ሜትር ርዝመት፣ ግማሽ ሜትር ስፋትና ግማሽ ሜትር ጥልቀት ያለው ቦይ ይቆፈር ቢባል የሚወጣው አፈር 50 ሜትር ኩብ ነው። ልምድ የሌለው ሰው በአንድ ጧት ግማሽ ሜትር ኩብ ይቆፍራል ተብሎ ቢገመት ሥራው የ100 ሰው የአንድ ጧት ጉልበት ይፈልጋል። ስለዚህ 50 ሰው በ2 ጧት ሊጨርሰው ይችላል ማለት ነው።

ይሁን እንጂ የተገኘው 15 አካፋና 10 ዶማ ብቻ ቢሆን በአንድ ጊዜ ሊሠራ የሚችለው 25 ሰው ነው። የቀረው 25 ቆሞ ያያል፤ ቆሞ ያየም በሁለተኛው ጧት ይቀራል። ስለዚህ በዚህ መሣሪያ 25 ሰው እየተፈራረቀ በ4 ጧት እንዲሠራ ማድረግ ወይም ተጨማሪ መሣሪያ ማቅረብ ያስፈልጋል።

ከዚህም ሌላ የተቆፈረ አፈር ስለሚላላ መጠኑ ከአራት እጅ አንድ ያህል ይጨምራል። 50 ሜትር ኩብ የነበረው ከ60 በላይ ይሆናል ማለት ነው። በአንድ ጉዞ 4 ሜትር ኩብ የሚጭን መኪና 16 ጊዜ መመላለስ ይኖርበታል። መኪናው ካልተዘጋጀ አፈሩ በቦዩ ዳር ይቀራል፤ ዝናብም ወደ መጣበት ይመልሰዋል። ከዚህ ስሌት የሚታየው፣ ለ50 ሰው ለስላሳ መጠጥ ከሚገዛ ይልቅ ኢሱዙውን ከነሾፌሩና ከነነዳጁ ለ4 ጧት የሚሰጥ ነጋዴ ሥራውን ይበልጥ የረዳ መሆኑን ነው።

ሥራው ከመጀመሩ በፊት ባለው ቀን ቦታው በችካል ተከፋፍሎ ለየቡድኑ ድርሻው ቢታወቅ፣ ለየ10 ሰውም አንድ ኃላፊ ቢመደብ ክርክር አይነሣም። የውሃ ቧንቧና የስልክ መስመር የሚያልፍበት ቦታ ከሚመለከተው መሥሪያ ቤት ሊጠየቅ ይገባል። የመጀመሪያ ሕክምና መስጫ ሣጥንና የሚጠጣ ውሃ በቦታው ይኑር፤ ልጆችም ድንጋይ እንዲሸከሙ አይደረግ። ሰው ቢጎዳ የሚያሳክመው ማን እንደ ሆነ አስቀድሞ ያልተወሰነ እንደ ሆነ፣ አንድ አደጋ የከተማውን በጎ ፈቃድ ሁሉ ሊያቀዘቅዘው ይችላል።

ስለ መዋጮና ስለ ሒሳብ አያያዝ

ነጋዴው በበጎ ፈቃድ ሥራ ላይ የሚያቀርበው ዋና ቅሬታ መዋጮው መብዛቱ ብቻ አይደለም፤ መዋጮው የት እንደ ደረሰ አለመታወቁ ጭምር ነው። ሱቅ ለሱቅ እየተዞረ በተመን የሚሰበሰብ ገንዘብ በስሙ መዋጮ ቢባልም በጎ ፈቃድ መሆኑ ይቀራል። ሰው በፈቃዱ የሰጠውን ይከታተላል፤ ተገዶ የሰጠውን ግን እንደ ጠፋ ገንዘብ ቆጥሮ ይተወዋል። በዚህ ምክንያት የሚጎዳው ሥራው ራሱ ነው፤ ሰጪው የማይጠይቅበት ሒሳብ በቀላሉ ይበላሻልና።

ስለዚህ ለእያንዳንዱ ሥራ የተለየ መዝገብ ይከፈት። በአንድ ገጽ ጥሬ ገንዘብ፣ በሁለተኛው በዓይነት የተሰጠ ዕቃ ከነዋጋው፣ በሦስተኛው የተሰጠ የሥራ ቀን ይጻፍ። ገንዘብ ተቀባዩና ወጪ ፈቃጁ ሁለት የተለያዩ ሰዎች ይሁኑ። ለሰጠ ሁሉ ደረሰኝ ይሰጥ፤ ሥራው ሲያልቅም የገቢውና የወጪው ዝርዝር በገበያው ቦታ ይለጠፍ። ደረሰኙ ለግብር ጉዳይም ይጠቅማል። የግብር ሕጉ ስጦታን በወጪነት የሚቀበለው ለወሰናቸው ተቀባዮችና በወሰነው መጠን ስለ ሆነ፣ ከፍ ያለ ስጦታ የሚሰጥ ነጋዴ ከመስጠቱ በፊት የሒሳብ ዐዋቂውን ቢያማክር ይበጀዋል።

ይህን ሁሉ ለመሥራት አዲስ ማኅበር ማቋቋም አያስፈልግም። የየሰፈሩ ዕድር የአባላት መዝገብ፣ ገንዘብ ያዥ፣ ድንኳንና አግዳሚ ወንበር፣ ጥሪ የሚያሰማ ሰውና የከረመ መተማመን አለው። የበጎ ፈቃድ ሥራ በዕድሩ በኩል ቢጠራ ግማሹ ዝግጅት እንደ ተጠናቀቀ ይቆጠራል።

በጎ ፈቃድ የማይሸከመው ዕዳ

በቡና ከተሞች አንድ ጉዳይ በግልጽ ሊነገር ይገባል። እሸት ቡና ሲፈለፈል ከክብደቱ ወደ 40 በመቶ የሚጠጋው ልጣጭ ሆኖ ይወገዳል፤ የታጠበበትም ውሃ ስኳርና አሲድ የበዛበት ነው። ይህ ሳይጣራ ወደ ወንዝ የተለቀቀ እንደ ሆነ በውሃው ውስጥ ያለውን አየር ይጨርሳል፤ ውሃው ይሸታል፣ ከታች ያለው ሰውና ከብትም ይቸገራል። ይህን ለማጽዳት ወጣቶችን በአካፋ መጥራት ተገቢ አይደለም። በ1995 ዓ.ም. የወጣው የአካባቢ ብክለት ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 300 ብክለትን የመከላከልና የማጽዳት ኃላፊነትን በበካዩ ላይ ጥሏል።

የመፈልፈያው ባለቤት የማጠራቀሚያ ጉድጓድ ሊቆፍር፣ ልጣጩን ወደ ማዳበሪያነት ሊለውጥ፣ በጅማ አካባቢ በአንዳንድ መፈልፈያዎች እንደሚደረገውም ውሃውን በቬቲቨር ሣር በተሸፈነ መሬት ላይ ሊያጣራ ይችላል። በጎ ፈቃደኛው ሣሩን በመትከል ቢያግዝ መልካም ነው፤ ወጪው ግን የባለቤቱ ነው። የአንድ ነጋዴ ዕዳ በሕዝብ ጉልበት የሚከፈል ከሆነ፣ ግዴታውን የሚፈጽመው ሌላው ነጋዴ በውድድር ይጎዳል። የሕዝቡም በጎ ፈቃድ ይደርቃል።

ከምርቃት በኋላ

የሥራው እውነተኛ ፈተና የሚጀምረው ሪባኑ ከተቆረጠ በኋላ ነው። ስለዚህ የሚረከበው ሰው ወይም ድርጅት ከመጀመሪያው ጉባኤ ላይ በስም ተጽፎ ሊፈርም ይገባል። ቦዩን ማዘጋጃ ቤቱ ወይም በዳሩ ያሉ ባለ ሱቆች፣ ምንጩን የውሃ ተጠቃሚዎች ኮሚቴ፣ ችግኙን ትምህርት ቤቱ ወይም ዕድሩ ሊረከብ ይችላል። ከተሰበሰበውም ገንዘብ አሥር እጅ አንዱ ለጥገና ተለይቶ ቢቀመጥ ለተሰበረ ቧንቧ ዳግመኛ መዋጮ አይጠራም።

አንድ መቶ ችግኝ ተክሎ ለመቶውም አጥርና ጠባቂ ማዘጋጀት፣ አንድ ሺሕ ተክሎ ከመርሳት ይበልጣል። በዓመቱ በዚያው ቀን ሄዶ የቆመውን መቁጠርና ቁጥሩን፣ ትንሽም ቢሆን፣ ለሰጪዎች መንገር ለሚቀጥለው ሥራ ከሁሉ የበለጠ ጥሪ ነው።

የነጋዴው ድርሻ

ሁሉም ነጋዴ አንድ ዓይነት ነገር ማዋጣት አይጠበቅበትም። አስመጪው አካፋ፣ ዶማ፣ የቧንቧ ዕቃና ቆርቆሮ በመጣበት ዋጋ ሊሰጥ ይችላል። ላኪው መኪናና መጋዘን አለው፤ ከለቀማው ወራት ውጭ መኪናው የሚቆምበት ቀን ስለማይጠፋ ያንን ቀን ቢሰጥ ብዙም አይጎዳም። ባለ ሱቁ ገንዘብ ባይተርፈው እንኳ ከሁሉ ይልቅ ሰፈሩን ያውቃል፤ ቦዩ በየት በኩል እንደሚደፈን፣ የማን ጣሪያ እንደሚያፈስ፣ የትኛው ልጅ ትምህርት እንዳቋረጠ ቀድሞ የሚሰማው እርሱ ነው። ንግድ ምክር ቤቱም እነዚህን በአንድ ዝርዝር አሰባስቦ፣ ማን ምንን በየትኛው ወር እንደሚሰጥ ከለቀማው በፊት ቢያስታውቅ፣ የካቲት ሲደርስ ሥራው በተዘጋጀ እጅና መሣሪያ ይጀመራል።

የቡናን ዋጋ የሚወስነው የዓለም ገበያ ነው፤ ነጋዴው ሊያዝዘው አይችልም። ቡናው የሚያልፍበት ቦይና መንገድ፣ ሠራተኛው የሚጠጣው ምንጭ ግን በከተማው ሰው እጅ ነው። በዚህ ረገድ በሚገባ ታቅዶ የሚፈጸም አንድ ትንሽ ሥራ፣ ተጀምረው ከሚቀሩ ብዙ ሥራዎች ይልቅ ለከተማውም ለንግዱም ይጠቅማል።